ኮንሰርት የሚሸጥ መመለሻውንም ይሽጥ

ከአዳማ ወይም ከቢሾፍቱ ተነስቶ መስቀል አደባባይ ኮንሰርት ለሚገባ ሰው ከባዱ መንገድ የፍጥነት መንገዱ አይደለም። በስድስቱ መስመር ነድቶ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ከፍሎ ሲወጣ ገና ጉልበቱ አላለቀም። ፈተናው ከቃሊቲ ወዲህ ነው፤ ሳሪስ፣ ጎተራ፣ ከዚያም ፖሊስ ለዝግጅቱ ሲል የዘጋቸው መንገዶች። መኪናውን አንድ ቅያስ ውስጥ አስጠግቶ ቀሪውን በእግሩ ይጨርሰዋል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሲመለስ ከፊትም ከኋላም ተዘግቶበት ያገኘዋል፤ የዘጋበት ሰው እስኪመጣ ቆሞ ይጠብቃል። እንቅልፍ በተጫነው ዓይን፣ ከተሳቢዎች ጋር እየተጋፋ አገሩ የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከተማችን እስካሁን ለዚህ የሰጠችው መልስ የመኪና ማቆሚያ ማብዛት ነው። እኔ ግን መፍትሔው ያለው ትኬቱ ላይ ነው ባይ ነኝ፤ ኮንሰርት የሚሸጥ ሰው የመመለሻውን ጉዞም አብሮ ይሽጥ።

መስቀል አደባባይ በ2013 ታድሶ ሲከፈት ከሥሩ 1,400 መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ተሠርቶለታል። ለአዘቦት ቀን ጥሩ ሥራ ነው። ለኮንሰርት ማታ ግን ሒሳቡ አይመጣም። በአንድ መኪና አራት ሰው ይመጣል ብንል እንኳ (ቸር ግምት ነው) ማቆሚያው ሞልቶ የሚያስተናግደው 5,600 ሰው ነው። በየካቲት 2012 ቴዲ አፍሮ እዚያው አደባባይ ላይ እንዳቀረበው ዓይነት ዝግጅት ይህ ቁጥር አንድ ጥግ አይሞላም። እጥፍ ቢሠራስ? ያኔም መኪኖቹ የሚገቡት ከቀትር ጀምሮ ተንጠባጥበው፣ የሚወጡት ግን የመጨረሻው ዘፈን እንዳለቀ ሁሉም በአንዴ ነው። ሀዛርዱን ያበራ፣ ክላክስ የያዘ፣ ወርዶ ከፊቱ ካለው ሹፌር ጋር የሚከራከር፣ «ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ» እያለ በእጁ የሚመራ፤ ይህ የቦታ ጥበት የሚያመጣው ትርምስ ብቻ አይደለም፤ የመውጫው በር ነው ያነሰው። በሩን ማስፋት ደግሞ ጭንቁን አንድ መስቀለኛ መንገድ ወደ ፊት መግፋት ነው።

ይህን ሁሉ ስንል የምናወራው መኪና ስላለው ታዳሚ ነው። አብዛኛው ወጣት ታዳሚ መኪና የለውም። ዝግጅቱ ሲያልቅ ሚኒባሶቹ ወደየቤታቸው ገብተዋል፤ በስልክ የሚጠራው ታክሲ አፑን አጥፍቶ «በኮንትራት ከሆነ» ይላል፤ የሚጠራው ዋጋ አንዳንዴ ከመግቢያው ይበልጣል። ስለዚህ ካራ ወይም አያት የሚኖረው ልጅ ምርጫው ሁለት ነው፤ ዋናው ድምፃዊ ሳይወጣ ተነስቶ መሄድ፣ አለዚያም እስኪነጋ መንገድ ላይ መቆየት። ሙሉ ትኬት ከፍሎ ግማሽ ዝግጅት የሚያይ ደንበኛ መኖሩ አዘጋጆቹን እስካሁን አለማሳፈሩ ይገርመኛል።

ሌላው ዓለም ይህን ጉዳይ ለአጋጣሚ አይተወውም። 90,000 ሰው የሚይዘው የለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም ዝግጅት ባለው ቀን በአካባቢው ጎዳናዎች መኪና ማቆም ለነዋሪው የተጠበቀ ነው፤ ታዳሚው በባቡር ነው የሚጎርፈው። በጀርመን ብዙ የኮንሰርት ትኬቶች የዚያን ቀን የከተማ ትራንስፖርት ትኬትም ሆነው ያገለግላሉ። በዋሽንግተን ደግሞ ባቡሩ ከመደበኛው ሰዓት በላይ እንዲሠራ የሚፈልግ አዘጋጅ ቀድሞ ገንዘብ ያስይዛል፤ ተሳፋሪው የከፈለው ወጪውን ከሸፈነ ያስያዘው ይመለስለታል። በጥቅምት 2000 ሚሊኒየም አዳራሽ የዘፈነችው ቢዮንሴ በሐምሌ 2015 በዋሽንግተን ዳርቻ ሜሪላንድ ስታቀርብ ዝናብና መብረቅ ዝግጅቱን አዘገየው፤ ባቡሩ አንድ ሰዓት እንዲጨምር 100,000 ዶላር የከፈለው የዝግጅቷ ወገን ነበር። ታዳሚው በመዘግየቱ ምክንያት ሜዳ ላይ አልቀረም። እኛ ዘንድ ድምፃዊው ሦስት ሰዓት ዘግይቶ መድረክ ሲወጣ ሒሳቡን የሚከፍለው ታዳሚው ነው።

«የእኛ ባቡር ቀንም አልሆነ» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ እውነት ነው። በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሁለቱ መስመሮቹ ስታዲየም ጣቢያ፣ ከአደባባዩ አፍንጫ ሥር፣ ይገናኛሉ፤ አንዱም እስከ ቃሊቲ ይሄዳል። ከአዳማ የመጣ ሰው መኪናውን ቃሊቲ አቁሞ በባቡር ቢገባ የሚመች ነበር። ነገር ግን ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመዋልና ተስፋ የምጥለው በአውቶቡስ ላይ ነው። ቀን የከተማውን ሰው የሚያመላልሱት አውቶቡሶች ሌሊቱን ቆመው ነው የሚያድሩት። ሹፌሮቻቸው ጠዋት ሥራ ስላላቸው ለሌሊቱ ሌላ ሹፌር መቅጠርና አበል መክፈል ግድ ነው፤ ወጪው ግን የከተማው ሳይሆን የአዘጋጁ ይሁን። 600 የአዳማ ታዳሚ በአራት በአራት ቢመጣ 150 መኪና ነው፤ በአውቶቡስ ግን አሥር ይበቃል።

አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የጉዞ ማኅበራት ወደ ቁልቢ፣ ወደ ግሸን ሲጓዙ ደርሶ መልሱን በአንድ ትኬት ይሸጣሉ፤ መነሻ ቦታው ይታወቃል፣ አስተባባሪው ስም ዝርዝር ይዞ በር ላይ ይቆማል፣ ሰው ሳይሟላ አይነሳም። ምእመን ሥርዓት አለው፣ ኮንሰርተኛ ግን ይጠጣል የሚለኝ ካለ፣ የጠጣ ሰው መሪ መያዝ እንደሌለበት እሱው እየነገረኝ ነው። ዋጋው ይጨምራል ለሚለውም፣ ነዳጁ፣ የፍጥነት መንገዱ ክፍያ፣ የፓርኪንጉ ሒሳብና ኮንትራቱ ዛሬም ከታዳሚው ኪስ ነው የሚወጣው፤ ትኬቱ ላይ ስላልተጻፈ ነው ያልታየው። ለሴቶች መኪና ይሻላል የሚለው ክርክር ይከብደኛል፤ መኪናዋን በራፍ ላይ ለምታገኝ ሴት ልክ ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ጨለማ ቅያስ ውስጥ ከቆመ መኪና ግን ብርሃን ያለው የአውቶቡስ መነሻ ይመረጣል። መኪና ይከልከል አላልኩም፤ ሌላ አማራጭ የሌለው ሰው ሁሉ መኪና ይዞ እንዲመጣ አይገደድ ነው ያልኩት።

ለኮንሰርት ፈቃድ የሚሰጠው አካል የጸጥታውን ጉዳይ ሳያይ እሺ አይልም። የማጓጓዣ ዕቅድም ከዚያው ጋር ይጠየቅ፤ ስንት አውቶቡስ፣ ወዴት፣ በስንት ሰዓት። ትኬቱ ላይ በር የሚከፈትበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን የመጨረሻው አውቶቡስ የሚነሳበት ቦታና ሰዓትም ይታተም። በዚያ ሰዓት ድምፃዊው ገና መድረክ ላይ ከሆነ አውቶቡሶቹ ይጠብቁ፤ የጥበቃውን ሒሳብ አዘጋጁ ይክፈል።