አንድ ባሬላ፣ ሁለት ሂሳብ

ባሬላ ታውቃላችሁ? ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ ይዞ ድንጋይ ወይም አርማታ የሚያመላልስበት የእንጨት መሸከሚያ ነው። ብቻውን የሚያነሳው የለም። እኔ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከጨረስኩ በኋላ አንድ ሕንፃ ሥራ ላይ ሁለት ወር በቀን ሠራተኝነት ባሬላ ይዣለሁ። ከፊት እኔ፣ ከኋላ የሁለት ልጆች እናት። ጭነቱ ያው፣ ሰዓቱም ያው። (እንዲያውም መወጣጫውን ስንወጣ ክብደቱ የሚያርፈው ከኋላ ባለው ሰው ላይ ነው!)

ቅዳሜ ፔሮል ላይ ስንፈርም ግን የእኔ ከእሷ በቀን 50 ብር ይበልጥ ነበር።

ፎርማኑን ጠየቅኩት። «አንተ ወንድ ነህ፣ ካስፈለገ ትቆፍራለህ» አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ ዶማ አልጨበጥኩም። እንግዲህ የተከፈለኝ ላልቆፈርኩት ጉድጓድ መሆኑ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አገራችን በ1991 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት 100ኛ ስምምነት ደግሞ ከዚህም ይሰፋል፤ ሥራው ባይመሳሰል እንኳ እኩል ዋጋ ካለው እኩል ይከፈል ነው የሚለው። የእኛ ጉዳይ እዚያ ድረስም አያስኬድም፤ ባሬላው አንድ ነው።

ታዲያ ለምን አትከስም? እንዲህ የሚል ሰው የቀን ሥራ አያውቅም። ጠዋት በር ላይ ተቁሞ ነው የሚመረጠው። ዛሬ ከተናገረች ነገ ሌላ ትገባለች። ምስክር አምጪ ብትባል ደግሞ ምስክሯ እኔ ነበርኩ፤ እኔ ከዚያች ጥያቄ በኋላ ብሬን እየተቀበልኩ ዝም አልኩ። አንድ ቀን ሻይ ልጋብዛት ስል «ተወው ወንድሜ፣ ለደብተርህ ይሁንህ» አለችኝ። እስካሁን ያሳፍረኛል።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችስ? ሕንፃ ሲመረቅ ፎቁን ቆጥረን እንዘግባለን። ድንጋዩን ማን በስንት ብር አወጣው ብለን ግን አንጠይቅም።

እኔ የምለው፣ በየግንባታው በር ላይ የቀን ክፍያ በሥራው ዓይነት ተጽፎ ይለጠፍ። ባሬላ ይህን ያህል፣ ቁፋሮ ይህን ያህል። የቆፈረ የቁፋሮውን ይውሰድ፣ ማንም አይቀናበትም። ያ ፎርማን ግን «ባሬላ ለወንድ፣ ባሬላ ለሴት» ብሎ ለይቶ መጻፍ ሊኖርበት ነው። እስቲ ይጻፈውና እንየው!