ወታደርን በሰማዕቱ ስም ስለ ማክበር

የካቲት 23 ቀን በመጣ ቍጥር በየደብሩ የሚሰማው ስብከት አንድ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ሆኖ ዓድዋ ዘመተ፤ እንግዲህ ጦር የታጠቀ ሁሉ የሰማዕቱ ወዳጅ ነው ይባላል። በ1888 ዓ.ም. ታቦቱ ከዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ጋራ መዝመቱ፣ አቡነ ማቴዎስም በዚያ መገኘታቸው የታወቀ ነው። ስለ ሀገሩ ደሙን ያፈሰሰ ሰው ክብር እንደሚገባውም የሚክድ የለም። ክርክሬ ‹‹እንግዲህ›› ከሚለው ቃል ጋራ ነው።

ስንክሳር ያነበበ ካህን ይመስክር። ጊዮርጊስ የአባቱን ሹመት ሊቀበል ወደ ዱድያኖስ ሔደ፤ ጣዖት ሲመለክ ባየ ጊዜ ግን ገንዘቡን ለድኆች ሰጠ፣ ባሮቹን አርነት አወጣ፣ ለንጉሡም እንቢ አለ። ሰባት ዓመት የተሠቃየው ስለዚህ እንቢታ ነው እንጂ ሰው ስለ ገደለ አይደለም። (በመርቆሬዎስ ሥዕል ዑልያኖስ ወድቆ ይታያል የሚለኝ ቢኖር፣ ያ ከሰማዕቱ ዕረፍት በኋላ የሆነ ነው፤ በሕይወቱ ሳለ ግን እርሱም የዳኬዎስን ትእዛዝ እንቢ ብሎ አንገቱን ሰጠ።)

ይህን ለመረዳት እኛ የደብረ ታቦር ሰዎች ሩቅ መሔድ አያስፈልገንም። ጋፋት ደጃችን ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን በዚያ አሠሩ፤ በዚህም እንኮራለን። ነገር ግን በ1859 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት የዘረፈውና ያቃጠለው፣ በ1860 ዓ.ም. ይህችን ከተማ ያነደደው እጅ የማን ነበረ? ያዘዙት ንጉሡ ናቸው፤ እሳቱን የለኰሰው ግን በአርባ ቀኑ የተጠመቀ፣ ማዕተብ በአንገቱ ያሰረ ወታደር ነው። ‹‹ታዝዤ ነው›› ይል ይሆናል። ጊዮርጊስስ ታዞ አልነበረምን?

በዓድዋም ድል ማግሥት ለጣሊያን ተሰልፈው የተማረኩት የሀገር ልጆች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቈረጠ። ይህን በበዓሉ ቀን ሲያነሣ የሰማሁት ሰባኪ የለም።

ወታደር ሕሊናውን ከጠየቀ ሠራዊት ይፈርሳል የሚሉ አሉ። ቴዎድሮስ ከዚህ ተነሥተው መቅደላ ሲደርሱ ያ ብዙ ሠራዊት የት ነበረ? ሕሊናውን በመጠየቁ የፈረሰ አይመስለኝም። መጥምቁ ዮሐንስም ወደ እርሱ የመጡትን ጭፍሮች ትጥቅ አላስፈታቸውም፤ ግፍና የሐሰት ክስ እንዲተዉ፣ በደመወዛቸውም እንዲረኩ ነገራቸው እንጂ። ይህ ማክበር ነው፤ ከሰው የሚጠበቀውን ከወታደርም መጠበቅ።

ነገሩ የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ የመድፍ ጥይት ደብረ ታቦር ላይ ወድቆ በቤታቸው የተቀመጡ ሰዎችን ገደለ። የተኰሰውም ማዕተብ ያሰረ ይሆናል፤ ከተማይቱን ሲጠብቅ የወደቀውም እንዲሁ። ሁለቱንም ‹‹የሰማዕቱ ወዳጅ›› ብለን በአንድ ቃል ብንጠራ፣ የወደቀውን አከበርነው ወይስ አዋረድነው?

የንስሐ አባት ሆይ፣ ልጅህ ሊዘምት ሲመጣ መስቀል አሳልመህ ብቻ አትስደደው። የትኛውን ትእዛዝ እንቢ እንዲል የጊዮርጊስን ገድል ከፍተህ ንገረው። ሲመለስ የገደለውን ብዛት ሳይሆን የማረውን ጠይቀው። ባይመለስም ስሙን በቅዳሴ አንሣ፤ ፍትሐቱንም ከሚስቱ አንድ ብር ሳትቀበል አድርስለት።