ስለ እምነ በረድ ጠጠር ወለልና ስለ እድሳቱ

ከጥቂት ዘመን ወዲህ በከተማችን ቤት የሚሠሩ ሰዎች መታጠቢያ ቤታቸውንና መተላለፊያቸውን ሞዛይክ በሚባለው በትናንሽ እምነ በረድ ማስነጠፍ ወደዋል። ነገሩ በሙያ የተሠራ እንደ ሆነ ለዓይን ያማረ፥ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ሀብት ነው። ያለ ሙያ የተሠራ እንደ ሆነ ግን ለባለቤቱ የዕለት ዕለት ብስጭት ይሆናል። የሚያስገርመንስ፥ ወለል የሚያሠራ ሰው ስለ ድንጋዩ ቀለምና ስለ ዋጋው አብዝቶ ሲጠይቅ፥ ከድንጋዩ በታች ስለሚደረገው ነገር የሚጠይቅ ጥቂት መሆኑ ነው።

በቅርብ ጊዜ በዚሁ ምክንያት በአንድ ወዳጃችን ቤት ለሽምግልና ተጠርተን ነበር። ነጩ እምነ በረድ ከተነጠፈ ገና አንድ ወር ሳይሞላው፥ አንዳንዱ ጠጠር ከጎረቤቱ በላይ ቆሞ፥ አንዳንዱም ሲረገጥ የሚነቃነቅ ሆኖ ተገኘ፤ የመታጠቢያውም ውሃ ወደ መውረጃው መሄዱን ትቶ በግድግዳው ሥር ይተኛ ነበር። የወዳጃችን እናት፥ ዕድሜያቸው የገፋ ወይዘሮ፥ ሌሊት በባዶ እግራቸው ሲያልፉ በቆመው ድንጋይ ተደናቅፈው ወደቁና እጃቸው ተሰበረ። የቤቱ ጌታ በቁጣ «ሁሉንም አፍርሼ አዲስ አስነጥፋለሁ፤ ለሠራተኛውም ሰባራ ሳንቲም አልከፍልም» አለ። ሠራተኛው ደግሞ የቀረ ደመወዙን የሚጠብቁ ልጆች አሉትና «መሞረጃ መኪና ይከራዩልኝ እንጂ ሁሉንም በሁለት ቀን አስተካክለዋለሁ» ብሎ ማለ። ሁለቱም የወለሉን ሕመም ሳይመረምሩ መድኃኒቱን ያዘዙ ነበሩ።

ምርመራው ብዙ መሣሪያ አይፈልግም። በእንጨት እጀታ ወይም በሳንቲም ጠርዝ ወለሉን ስፍራ በስፍራ ቀስ እያሉ መምታት ነው፤ ከሥሩ የያዘ ድንጋይ ድምፁ ድፍን ነው፤ ከሥሩ ባዶ የሆነው ግን እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ባዶው በተሰማበት ሁሉ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል። ከዚህ በኋላ ቀጥ ያለ ረጅም እንጨት አጋድሞ በሥሩ የሚታየውን ክፍተት መለካት፥ በመጨረሻም አንድ ባልዲ ውሃ አፍስሶ ወዴት እንደሚሄድ መመልከት ነው። መብራትን ከጎን አስጠግቶ ማየት ግን ክርክር ያበዛል፤ የጎን ብርሃን የፀጉር ያህል ልዩነት እንኳ ጥላ እንዲጥል ስለሚያደርግ መልካሙን ሥራ ያስነቅፋል። በወዳጃችን ቤት እንዲህ ብናደርግ፥ መተላለፊያው ከሦስት ወይም ከአራት ስፍራ በቀር ድፍን ሆኖ ተገኘ፤ መታጠቢያ ቤቱ ግን ከዳር እስከ ዳር ከበሮ ነበር።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት እንዲህ ነው። ትናንሾቹ ጠጠሮች የሚመጡት በመረብ ላይ ተጣብቀው፥ ብዙውን ጊዜ በየወገኑ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል በሚሆን ገበታ ነው። ችኩል ሠራተኛ ማጣበቂያውን ሲሚንቶ በአራት በአምስት ስፍራ ጠብ ጠብ አድርጎ ገበታውን ይጥልበታል። የሚገባው ግን ሲሚንቶውን ጥርስ ባለው ብረት እኩል አልብሶ፥ ገበታውን አስቀምጦ፥ በሰፊ ጣውላ እየመታ ማስተኛት ነው። የአሜሪካ የሙያው ደንብ በደረቅ ስፍራ ከድንጋዩ ጀርባ ከመቶ 80 እጅ፥ ውሃ ባለበት ስፍራ ደግሞ ከመቶ 95 እጅ ሲሚንቶ የያዘው እንዲሆን ይጠይቃል። ከሥር ያለውም መደብ በ3 ሜትር ርዝመት ውስጥ ከ6 ሚሊ ሜትር የበለጠ እብጠት ወይም ጉድጓድ ሊኖረው አይገባም፤ በመረብ ላይ ያለ ጠጠር እንደ ጨርቅ ነውና የተኛበትን መልክ ይይዛል። ደግሞም ነጭ እምነ በረድ ጥቂት ብርሃን የሚያሳልፍ ስለ ሆነ፥ ግራጫ ሲሚንቶ ከሥሩ ቢደረግ ነጭነቱ ይደፈርሳል።

የመደብ ነገር የዛሬ ፈጠራ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት የነበረው የሮማ መሐንዲስ ቪትሩቪየስ ስለ ሕንፃ ከጻፋቸው 10 መጻሕፍት በ7ኛው ስለ ወለል ይናገራል። አስቀድሞ እጅ የሚሞላ ድንጋይ ይነጠፍ፤ ቀጥሎ ስብርባሪ ድንጋይ ከኖራ ጋር ተቀላቅሎ በብዙ ሰዎች በእንጨት እየተደበደበ፥ ውፍረቱ ከአንድ ጫማ ሦስት አራተኛ የማያንስ ይሁን፤ በዚያ ላይ ሦስት እጅ የተወቀጠ ሸክላ ከአንድ እጅ ኖራ ጋር ስድስት ጣት ያህል ይደረግ፤ ጠጠሩ የሚሰለፈው ከዚህ በኋላ ነው ይላል። አንዱ ጠጠር ከሌላው በላይ እንዳይቆም መሞረዱንም አዟል። እንግዲህ ሠራተኛው የለመነው የቆየ ሙያ ነው፤ ነገር ግን ቪትሩቪየስ ያስሞረደው እንዲህ ባለ መደብ ላይ የተቀመጠውን ወለል ነበር። ከሥሩ ባዶ የሆነውን ቢሞርዱት፥ መኪናው ሲያናውጠው ድንጋዩ ይሰነጠቃል ወይም ተነቅሎ ይወጣል።

ድፍን ሆኖ ከፍና ዝቅ ያለውን የመተላለፊያ ወለል ግን መሞረድ ተገቢ ነው። አልማዝ ባለበት መሞረጃ፥ በውሃ እያራሱ፥ ከሻካራው ከ50 ቁጥር ጀምሮ በ100፥ በ200፥ በ400 እያሉ እስከ 800ና ከዚያም በላይ ይወጣል። ከቁጥሩ አንዱን መዝለል የሻካራውን ጭረት በወለሉ ላይ ማስቀረት ነው። በውሃ መሆኑም አቧራው ለሳንባ ክፉ ስለ ሆነ ነው። ጠጠሩ ብዙ ጊዜ ውፍረቱ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ነውና 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ቢነሣለት ይችላል፤ ከዚህ አልፎ የቆመውን ነቅሎ እንደገና ማስቀመጥ ይሻላል። የተሞረደው ስፍራ ከቀረው የተለየ ገጽ ስለሚያወጣ ክፍሉን በሙሉ አንድ ዓይነት ማድረግ ያስፈልጋል። የውሃ መውረጃዎችም አስቀድመው ይከደኑ፤ ነጩ ጭቃ በቱቦ ውስጥ ከደረቀ ሌላ ወጪ ነው።

የመታጠቢያ ቤቱ ወለል በመሞረድ የሚድን አልነበረም። ውሃ የሚወርደው መደቡ ራሱ ተዳፋት ሲኖረው ነው፤ በየ1 ሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ስለዚህ ድንጋዩ ሁሉ ተነሣ፤ አሮጌው ሲሚንቶ በመሮ ተፋቀ፤ ተዳፋቱ ተበጀ፤ ድንጋይ ሲነቀል መቀደዱ አይቀርምና ውሃ የማያሳልፈው ሽፋን እንደገና ተደረገ። በጠጠሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ3 ሚሊ ሜትር የጠበበ ስለ ነበር አሸዋ የሌለበት መሙያ ተመረጠ፤ አሸዋ ያለበት የእምነ በረዱን ልስላሴ ይቧጭራል። የሲሚንቶውን እድፍ ለማስለቀቅ ግን አሲድ፥ ሆምጣጤ ወይም ሎሚ ከቶ አይፈስስበትም። እምነ በረድ ከኖራ ድንጋይ ጋር ባሕርዩ አንድ ነውና ኮምጣጣ ነገር ሁሉ ይበላዋል። ብዙ ትጉሃን ሠራተኞች ወለል እናጠራለን ሲሉ በሎሚ ያበላሹት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ነገር እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ስለ ሥራው መልካምነትና ጽናት ከርክክብ ጀምሮ እስከ 10 ዓመት ዋስ እንዲሆን አድርጓል። ነገር ግን በመዝገብ ቤት ሥራችን ደጋግመን ያየነው፥ ባለቤቱ በቁጣ ወለሉን አስቀድሞ ካፈረሰ በኋላ ክስ ይዞ መምጣቱን ነው። ዳኛ በተሰበረ ድንጋይ ክምር ላይ ምን ይፍረድ? መዶሻ ከመነሣቱ በፊት ጉድለቱ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ሠራተኛው ተጠርቶ ባለበት፥ ባዶ ሆኖ የተገኘው ስፍራ ተቆጥሮ ይጻፍ፤ ሁለቱም ወገን በምስክር ፊት ይፈርሙ።

በወዳጃችን ቤት ይህ ሲደረግ አንድ ሌላ ነገር ተገለጠ። የዕቃው ደረሰኝ ሲታይ፥ ርካሹን ግራጫ ሲሚንቶ የገዛው የቤቱ ጌታ ራሱ ሆኖ ተገኘ። ጌታው ደረሰኙን አይቶ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። በስምምነቱም የጉልበቱ ሥራ በሠራተኛው፥ ነጩ ማጣበቂያና የመሞረጃው ኪራይ በባለቤቱ፥ የእናቲቱ የሕክምና ወጪ በሁለቱ እኩል እንዲሆን ተወሰነ። የቀረው ደመወዝ የሚከፈለው አንዱ ባልዲ ውሃ በሁሉ ፊት ፈስሶ ወደ መውረጃው ሲገባ እንዲሆን ተጻፈ።

የተነሣው ጠጠር ሁሉ አልተጣለም። እምነ በረድ ከተራራው ከተለያየ ስፍራ ሲወጣ ቀለሙ ስለሚለያይ፥ ደኅናው ታጥቦ በሣጥን ተደርጎ፥ የተገዛበት ቀን ተጽፎበት በዕቃ ቤት እንዲቀመጥ ለወይዘሮዋ ሰጥተናቸዋል።