ለሞተርም መጋጫ ይታሰርለት!

ዛሬ ከሜዳው ትንሽ ወጣ እንላለን፤ ብዙም ግን አንርቅም።

ኳስ የሚወድ ሁሉ መጋጫን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1990 ግዴታ ከሆነ ወዲህ በጨዋታው ሕግ አንቀጽ 4 ከማልያና ከጫማ እኩል ተቀምጧል። ጃክ ግሪሊሽ ካልሲውን ዝቅ አድርጎ የሕፃን የምትመስል መጋጫ ሲያስር አይተን ስቀናል። እሱም ቢሆን ግን ባዶ ቅልጥሙን አይገባም! ታዲያ ሣር ላይ ለሚሮጥ እግር ይህን ያህል ከተጨነቅን ድንጋይ ላይ ለሚሮጥ ሞተር ለምን ዝም እንላለን?

ነገሩ የገጠመን ወለጋ ነው። ከነቀምቴ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ጊምቢ በሞተር ሰው እያመላለሰ የሚኖር ጓደኛ አለን። ከከተማው ወጣ ብሎ በቀበሌዎች መካከል የዋንጫ ጨዋታ አለ ብሎ አፈናጠጠንና ሄድን። አስፋልቱን ስንለቅ ቀዩ አፈር ተቀበለን። የወለጋን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሲደርቅ አቧራ፣ ሲዘንብ ሳሙና ነው። ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ሲወስደው ደግሞ ድንጋዩ አግጦ ይቀራል። አንዷ ቁልቁለት ላይ ከሥር “ቋ!” የሚል ድምፅ ሰማን። ዞር ስንል መንገዱ ላይ ጥቁር መስመር ተሰምሯል። ዘይት! እየገፋን ጊምቢ ስንመለስ መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አየና “ወንድሜ፣ ይሄ መጋጫ የለውም እንዴ?” አለ።

የለውም። ገበያው ላይ ያሉት አብዛኞቹ የሥራ ሞተሮች ሆዳቸው ባዶ ነው። የሞተሩ ሆድ የተሠራው ቀልጦ ከተቀረጸ አሉሚኒየም በመሆኑ ሲመታ ከመጎበጥ ይልቅ ይሰነጠቃል። ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያለ ሞተር የሚይዘው ዘይት ደግሞ አንድ ሊትር ገደማ ነው። እሱ ፈስሶ ካላወቃችሁና መንዳታችሁን ከቀጠላችሁ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይነክሳል። አሉሚኒየም በደንብ የሚበየደው በአርጎን ነው፤ እሱ ደግሞ በየገጠር ከተማው አይገኝም። ጓደኛችን ስንት ቀን ያለ ገቢ እንደተቀመጠ እናውቃለን። (በነገራችን ላይ መካኒኮቻችን የዘይቱን መያዣ “ኮፓ” ይሉታል። በጣሊያንኛ ዋንጫ ማለት ነው። ዋንጫ ፍለጋ ወጥተን ኮፓ ሰብረን ተመለስን!)

በውጭው ዓለም ጫካ ለጫካ ለጨዋታ የሚነዳው ባለአራት ጎማ ሞተር፣ ኤቲቪ የሚሉት፣ ከሆዱ ሥር ሳህን ይታሰርለታል። ሱዙኪ የመጀመሪያውን ባለአራት ጎማ እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ አውጥቷል። በዳካር ራሊም ከ2009 እስከ 2024 የራሱ ምድብ ነበረው። ለነሱ መዝናኛ ነው፤ ለኛ እንጀራ ነው። ታዲያ ማን ይበልጥ መጋጫ ያስፈልገዋል?

ሥራው ከባድ አይደለም። 40 በ25 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ላሜራ 2 ኪሎ ከ350 ግራም ገደማ ይመዝናል። ያው በአሉሚኒየም ቢሆን አንድ ኪሎ አይሞላም፤ ግን ወፈር ማለት አለበት። የፊቱ ጠርዝ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ አለበለዚያ ድንጋይ ይይዛል። የሚታሰረው ከሻንሲው ጋር ነው፤ ከሞተሩ ጋር ካሰራችሁት ምቱን ሞተሩ ራሱ ይቀበለዋል። በላሜራውና በሞተሩ መካከል ቢያንስ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ለዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ቀዳዳ አስቀድማችሁ አስበሱ። በቡሎንና በዳዶ ይታሰር፤ ከሥሩ የጎማ ቁራጭ ቢገባ መንቀጥቀጡን ይቀንሳል። ቡሎኖቹ መጀመሪያ ሁሉም በእጅ ይግቡ፣ ከዚያ በቁልፍ ይጥበቁ። መያዣውን ሻንሲው ላይ መበየድ ግድ ከሆነም የባትሪው ገመድ ይፈታ።

“ሞተሩን ያፍነዋል” የሚሉ አሉ። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ዋናውን ንፋስ የሚቀበለው ሲሊንደሩ ላይ ባሉት ክንፎች ነው፤ ላሜራው ከታች ነው። እውነተኛው ችግር ጭቃና ሣር መሀል ገብቶ መቅረቱ ነው። የደረቀ ሣር ከጭስ ማውጫው ጋር ከተነካካ እሳት ያስነሳል። ስለዚህ ይታጠብ።

ሞተር አስመጪዎችና ሻጮችን አንድ ነገር እንጠይቃለን። ለነቀምቴ፣ ለሻምቡ፣ ለደምቢ ዶሎ የምትሸጡትን ሞተር ከነመጋጫው ሽጡልን። መስታወት ከሞተሩ ጋር አይደል እንዴ የሚመጣው? ላሜራ ቆርጦ ማጠፍ ለሀገር ውስጥ ብየዳ ቤቶችም ሥራ ነው። ገዢውም ቢሆን ለተለጣፊና ለቀለም መብራት የሚያወጣውን ብር መጀመሪያ እዚህ ያውል።

ጓደኛችን አሁን አሳስሯል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ዳዶ ላልቶበት መልሶ አጥብቋል፤ እናንተም ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ እዩት። የዚያን ቀን ጨዋታ 2 ለ 1 ማለቁን በስልክ ሰማን። ማን እንዳሸነፈ ሳይነግሩን ኔትወርኩ ተቋረጠ።