ከሐይቁ ሥር ምሥጢር ለምትፈልጉ ወገኖቼ

ሰሞኑን የይስማዕከ ወርቁን «ራማቶሓራ» ለሁለተኛ ጊዜ አነበብኩት። እንደሚታወቀው በ2001 ዓ.ም. ታትሞ አገር ያነጋገረው «ዴርቶጋዳ» ተከታይ ነው። ግሽ አባይ ሠፈር ተቀምጦ ማንበብ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ደራሲው ምሥጢሩን ያስጠጋበት ጣና እዚሁ አጠገባችን ነውና።

ጠቤ ከደራሲው ጋር አይደለም። ገዳምንና ሮኬትን በአንድ ታሪክ አጋምዶ ያን ሁሉ አንባቢ ማስከተል ቀላል ሥራ አይደለም፤ «ርካሽ ልቦለድ» እያሉ የሚያጣጥሉት ሐያስያን እስኪ ይሞክሩት። ጠቤ ከእኛ ከአንባቢዎቹ ጋር ነው። ሁለት ዲግሪ የጫነ ወዳጄ መጽሐፉን የሚያነበው እንደ ደኅንነት ሪፖርት ነው። «ሳይንሱማ አለን፤ ተደብቆ ነው እንጂ» ይለኛል። ለመሆኑ የተደበቀው የቱ ነው?

የልቦለዱን የጠፈር ሊቅ ሻጊዝን ባነበብኩ ቁጥር ዶክተር ቅጣው እጅጉ ፊቴ ይደቀናል። የቦንጋው ልጅ ቅጣው የጠፈር መሐንዲስ የሆነው የተሸሸገ ብራና ገልጦ አይደለም። በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት እርዳታ በተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተማረ፤ ጃፓን ሄደ፤ አሜሪካ ተሻግሮ ለናሳ ሠራ፤ በስደት የተቃዋሚ ድርጅት እስከ መምራት ደረሰ፤ በ1998 ዓ.ም. እዚያው አረፈ። ትምህርት ቤቱ ከሠፈሬ በባጃጅ ይደረሳል፤ በሩም ክፍት ነበር። መጠየቅ የነበረበት እንዲህ ያለውን ሰው አስተምራ ያበቃች አገር ስለ ምን መልሳ ልታሠራው እንዳልቻለች ነው። ይህን መጠየቅ ግን ያጣላል። ከሐይቅ ሥር ምሥጢር መፈለግ ከማንም አያጣላም!

በ2004 ዓ.ም. እምቦጭ ጣና ላይ በታየ ጊዜ ከውኃው ሥር የወጣ ሳይንቲስት አላየንም። ገበሬው ነው ውኃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ የነቀለው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ስትመጥቅ ወዳጄ «ዴርቶጋዳ ተፈጸመ!» ብሎ ደወለልኝ። 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነው ሳተላይት የመጠቀችው ከቻይና ምድር፣ በቻይና ሮኬት፣ አብዛኛው ወጪዋም በቻይና ተሸፍኖ መሆኑን ስነግረው ቅር አለው። እኔ ግን ነውር አላየሁበትም፤ ቢያንስ የት እንደተሠራችና ማን እንደከፈለ ይታወቃል።

አሁን ደግሞ ሦስተኛውን «ዣንቶዣራ»ን ላውስህ እያለኝ ነው። እኔም በምትኩ ስለ እምቦጭ የተጻፈ አንድ የመመረቂያ ጥናት ሰጥቼው ነበር። ሁለት ወር ሆነው፤ እስካሁን አልገለጠውም።