ጆሮው ለደከመ ሰው ድምፅ ማስጮህ ብቻ አይበቃም

የመስማት ችግር ላለበት ሰው «ድምፁን ቀንስ» ማለት ምክር አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት ደረጃ መሠረት የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻ ከ85 ዴሲቤል ሲያልፍ ያስጠነቅቃል፤ ከ100 በላይም አይወጣም። ደንቡ ለጤነኛ ጆሮ አስቧል፤ የደከመውን ግን ረስቷል።

ሆኖም ሁሉንም ድምፅ ማስጮህም አይረዳም። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት መቀነስ የሚጀምረው ባብዛኛው ከቀጫጭን ድምፆች ነው። ድምፁን በሙሉ ብትጨምሩለት ከበሮው ጆሮውን ይመታዋል፤ ግጥሙ ግን እንደተድበሰበሰ ይቀራል። የተረፈው መስማትም ይጎዳል።

ስለዚህ ድምፅ ጨማሪ አፕ ከማውረዳችሁ በፊት ጆሮውን አስመርምሩ። ከ2020 ወዲህ አይፎን የምርመራውን ውጤት ተቀብሎ የጎደለውን ድምፅ ለይቶ ያጎላል። በአንድ ጆሮው ብቻ ለሚሰማ ደግሞ የግራና የቀኙን ድምፅ የሚያዋህደውን «ሞኖ» አብሩለት።

አምራቾችም ይህን በርካሽ ስልኮች ላይ ያስገቡ። ጆሮው የደከመ ሁሉ አይፎን አልያዘም።