ያልተፈተነ ዘበኛ

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ለሰዓታት ደንበኛው ሒሳቡ ውስጥ ከሌለው ገንዘብ እየቆረጠ ሲሰጥ አደረ። ወሬው በስልክ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛመተ፤ ኤቲኤም ደጃፍ በእኩለ ሌሊት ሰልፍ ሆነ። ባንኩ በኋላ እንደገለጸው በዚያ ሌሊት ያለአግባብ የወጣው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው። አብዛኛው ተመልሷል።

አገሩ ለሳምንታት የተከራከረው በተማሪዎቹ ሥነ ምግባር ላይ ነበር። ስማቸው ተለጠፈ፣ ፎቷቸው ወጣ፣ ወላጅ አፈረ። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ የራስ ያልሆነ ገንዘብ የራስ አይደለም። ነገር ግን ችግሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ ከሥርዓት ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ እንደሆነ የተናገሩት የባንክ ባለሥልጣናት ራሳቸው ናቸው። ታዲያ ሁለተኛው ጥያቄ የት ጠፋ? ለውጡ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ማን ፈተነው? “አይሆንም” ማለት ያለበት ጥበቃ በእርግጥ “አይሆንም” እንደሚል ማን አየ?

ይህ የአዲስ አበባ ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከጊንጪ እስከ አምቦ፣ ከጉደር በጌዶ አልፎ እስከ ባኮ፣ በአስፋልቱ ዳር ያለ ነጋዴ ዛሬ ጤፉን የሚሸጠው ስልክ እያየ ነው። “ገባ?” “ገና አልገባም።” “አሁንስ?” መልእክቱ ሲመጣ ኩንታሉ ይጫናል። ገበሬው የሚያምነው ፊቱ የቆመውን ገዢ ሳይሆን በዓይኑ አይቶት የማያውቀውን ፕሮግራም ነው። ያ ፕሮግራም ሲሳሳት ይግባኝ የሚባልበት ሽማግሌ የለም።

ጥበቃን መፈተን ማለት ምን እንደሆነ ለማየት አንድ ትንሽ፣ ግን አደገኛ ምሳሌ አለ። ከሲ ቋንቋ ይነሣል።

ነገሩን በወረዳ ጽሕፈት ቤት መመሰል ይቻላል። ጸሐፊው የታተመ ቅጽ አለው፤ ስም፣ ቀን፣ የብር መጠን። ባለጉዳዩ ይናገራል፣ ጸሐፊው ክፍት ቦታውን ይሞላል። በሲ ቋንቋ ይህን ሥራ የሚሠራው ፕሪንትኤፍ ይባላል፤ ክፍት ቦታዎቹ በ% ምልክት ይታወቃሉ። ጣጣው የሚመጣው ፕሮግራመሩ የራሱን ቅጽ ትቶ፣ ባለጉዳዩ ይዞት የመጣውን ወረቀት እንደ ቅጽ ሲቀበል ነው። ወረቀቱ “ከመሳቢያህ ያለውን እዚህ ገልብጥ” ካለ ጸሐፊው ይገለብጣል፤ ምስጢር ወጣ። ከሁሉ የከፋው %ኤን የሚባለው ትእዛዝ ነው። እሱ ደግሞ “እስካሁን የጻፍከውን ፊደል ቆጥረህ ቁጥሩን መዝገቡ ላይ አስፍር” ይላል። ያን ጊዜ የውጭ ሰው መዝገቡን ማንበብ ብቻ ሳይሆን መለወጥም ቻለ ማለት ነው።

ይህ ቀዳዳ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በይፋ ይታወቃል። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ የአይፎን ስልክ በስሙ ውስጥ እነዚህ የ% ምልክቶች ካሉበት ዋይፋይ ጋር ሲገናኝ ዋይፋዩ መሥራት አቆመ። አፕልን የሚያህል ኩባንያ፣ ሃያ ዓመት በቆየ ስህተት!

በሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ በብዛት የሚሠራው የሲ ላይብረሪ ጂሊብሲ ለዚህ ዘበኛ አለው፤ ፎርቲፋይ ሶርስ ይባላል። %ኤን ሊቀየር በሚችል የሜሞሪ ክፍል ውስጥ ካገኘ ፕሮግራሙን እዚያው ይገድለዋል። አንድሮይድ ደግሞ ከዚህ አልፎ %ኤንን ጭራሽ አይቀበልም። ጥሩ ነው። ነገር ግን የጂሊብሲው ዘበኛ በራሱ አይቆምም፤ ፕሮግራሙ ሲዘጋጅ በትክክለኛው ትእዛዝ መጠራት አለበት። ካልተጠራ ማንም አይነግርህም፤ ፕሮግራሙ እንደ ወትሮው ይሠራል፣ በሩ ግን ባዶ ነው።

ተጠርቶም ሊታለል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ፍራክ በተባለው የሐከሮች መጽሔት የወጣ ጽሑፍ፣ ከልክ ያለፈ ትልቅ ቁጥር በመስጠት የላይብረሪውን ስሌት አዛብቶ ዘበኛውን ራሱን ማጥፋት እንደሚቻል አሳየ። በጂሊብሲ ውስጥ የተስተካከለው በ2012 ነው። ዘበኛው በር ላይ እንደቆመ የሚያምኑ ስንት ተቋማት በዚያ መሀል ተኝተው አደሩ?

ስለዚህ የጂሊብሲ ሠራተኞች ከላይብረሪው ጋር የፈተና ፕሮግራሞችንም ይጽፋሉ። ፈተናው ሆን ብሎ ጥፋቱን ይፈጽማል፤ ከዚያ መገደሉን ይጠብቃል። ፕሮግራሙ ከሞተ ፈተናው አለፈ። በሕይወት ከተረፈ ወደቀ። ኮዱ በተለወጠ ቁጥር ይህ ይደገማል። የጥበቃ ፈተና ማለት ይኸው ነው፤ “ለታማኙ ደንበኛ ይሠራል ወይ?” ሳይሆን “ለአጥፊው እምቢ ይላል ወይ?” ብሎ መጠየቅ።

በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚፈተነው የመጀመሪያው ነው። አዲስ መተግበሪያ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ አንድ ክፍያ በካሜራ ፊት ይፈጸማል፣ ይጨበጨባል። ሌላው የሚታወሰው ጅብ ከሄደ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ውሻው ይጮኻል።

“ይህን ማስተማር ሌባ ማሠልጠን ነው” የሚሉ አሉ። ስጋቱ ባዶ አይደለም፤ ግን ሌባው የሚያስፈልገውን ካነበበ ሃያ ዓመት አለፈው። ያላነበበው ጠባቂው ነው። የራስን ላፕቶፕና ለሁሉም ክፍት የሆነን ላይብረሪ መፈተን የማንንም በር መስበር አይደለም። የሰው ሥርዓት ውስጥ ያለፈቃድ መግባት ግን በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ነው፤ መሆንም አለበት። የሚያስፈልገው ሦስተኛው መንገድ ነው፤ ቀዳዳ ያገኘ ወጣት በስሙ የሚያመለክትበት፣ ተቋሙም ፖሊስ ከመጥራቱ በፊት የሚያዳምጥበት በጽሑፍ የታወቀ አሠራር።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ “5 ሚሊዮን ኮደሮች” የተባለውን ሥልጠና ጀምሯል። ኮድ የሚጽፍ ይብዛ፤ ግን የሚጽፈው ሲበዛ የሚፈትነው ካልበዛ የሚበዛው ቀዳዳው ነው። እዚህ ላይ እንደ አምቦ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ከማንም ፈቃድ ሳይጠብቁ መጀመር ይችላሉ። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂዎች የመመረቂያ ሥራ ሌላ የተማሪ ምዝገባ ድረ ገጽ መሆኑ ቀርቶ፣ ሕዝብ የሚገለገልበትን ክፍት ሶፍትዌር ጥበቃ መፈተን ቢሆን ምን ይጎድላል? ኮዱ ነፃ ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃዋል። መብራት ቢጠፋ እንኳ ሲመጣ ይቀጥላል። የተገኘው ስህተት ዓለም ለሚጠቀምበት ላይብረሪ ይላካል፤ የተማሪውም ስም አብሮ ይሄዳል።

ባንኮችም የድርሻቸውን ይጀምሩ። ማሻሻያ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት አንድ ሰው፣ ደመወዝ ተከፍሎት፣ በሌለው ሒሳብ ብር ለማውጣት ይሞክር። እምቢ ከተባለ ሥራው ይቀጥል። ከተሰጠው ግን ያ ማሻሻያ ዓርብ ማታ ከቢሮ አይውጣ። በ2016 ዓ.ም. ይህን ሙከራ ያደረጉት ተማሪዎቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ የሞከሩት በሕዝብ ገንዘብ ላይ ነው።